ከቀዩ መፈክር ሥር የበቀለ አስተናግር

ቆሎው ሞቅ ያለ ነበር። ቅጠሉ ከቆሎው ሥር ነው።

ነገሪ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቆሎ እያነሳ ይቆረጥማል። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ይህ መልካም ነው። ባቡር የሚጠብቅን ሰው «ለምን እዚህ ተጎለትክ?» የሚለው የለም። የአገሪቱ ስለላ ግማሹ በባቡሩ መዘግየት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው ከጎኑ ተቀመጠ። በናዝሬት ፀሐይ ካፖርት የሚለብስ ወይ ወባ የያዘው ነው፣ ወይ መንግሥት ነው።

«ባቡሩ መተሐራን አልፏል?»

«አልፏል ይላሉ። ማን ያምናቸዋል?»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ነገሪ የቆሎውን ጥቅል ዘረጋለት። ሰውየው እጁን ሳይሰድ ከኋላቸው የቦት ጫማ ድምፅ መጣ።

«መታወቂያ!»

ሁለት ወታደሮች ናቸው። ወታደሮቹም ባለ ካፖርቱም የሚበሉት ከአንድ መንግሥት ማዕድ ነው። ግን ቀኝ እጅ የሚሠራውን ግራው እንዳያውቅ የሚለውን ቃል ከቤተ ክህነት ይልቅ አጥብቆ የያዘው ያ መንግሥት ነበር። ነገሪ የቀበሌ መታወቂያውን አወጣ። ሆራ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው ይላል። ወታደሩ ፎቶውን አየ። ፊቱን አየ። ከዚያ ጥቅሉን አየ።

«ምንድን ነው?»

«ቆሎ ነው ጌታዬ።»

ወታደሩ እጁን ጥቅሉ ውስጥ ከተተ።



ጣቶቹ ወረዱ። አሁንም ወረዱ። ዘገን አድርገው ወጡ።

«ጨው አልነካውም፤» አለ ወታደሩ እየቆረጠመ። ጓደኛውን አስከትሎ ሄደ።

የስለላ መስሪያ ቤቱ ሰዎቹን የሚጠራው በዛፍ ስም ነው። ባለ ካፖርቱ ዋንዛ ነው። ነገሪ ብሳና። አገሩ ተራቁቶ አሸዋ ሲሆን ደኑ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ መስሪያ ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። ተልኮ ለሚሠራበት ችግኝ ጣቢያ ሆራ፣ ለመስሪያ ቤቱ ብሳና ይሁን፤ እኛ ግን ነገሪ እንለዋለን፣ እናቱ ያወጣችለት እሱን ነውና።

«ይቺ ናሙና ናት፤» አለ ነገሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የችግኝ ጣቢያው ዶክተር የአስተናግሩን ቅጠል አድርቃ ፈጭታ በጣሳ ነው የምታስቀምጠው።»

«እንግዲያው ጣሳውን አምጣ።» ዋንዛ የሚያየው ሐዲዱን ነው። «አስተናግር በከተማው ቆሻሻ መጣያ ሁሉ ሞልቷል። ለቅመን ሞከርነው። አንዱን አስተኛው። አንዱን ገደለው። እሷ ግን የምታበቅለውን ኃይሉን ታውቀዋለች። ጠንካራውን ነው የምፈልገው። የዘጋ አፍ የሚያስከፍተውን።»

«ኢፍቱስ?»

«ጣሳውን ታመጣለህ፣ እኅትህን ትወስዳለህ። ቃሌ ነው።»

ኢፍቱ የነገሪ ታናሽ ናት። ሁሩታ ላይ አስተማሪ ነበረች። ወረቀት በትነሻል ተብላ ተያዘች። ወረቀቱን ማን እንደ ሰጣት በሚያውቁት መንገድ ሁሉ ጠየቋት፤ አንድ ስም አልተነፈሰችም። ነገሪ ለመስሪያ ቤቱ ያደረው በዚያው ሰሞን ነው። ለእሷ መለወጫ ከራሱ በቀር የሚሰጠው አልነበረውም።

«መጀመሪያ የሚሞከረው በማን ላይ ነው?» አለ።

ዋንዛ ቆሎውን ቆረጠመ።

«ዝም ባለ ሰው ላይ ነዋ።»

ባቡሩ መጣ። ዋንዛ ጥቅሉን ይዞ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። 

ነገሪ ከአግዳሚው ተነሳ።

ችግኝ ጣቢያው ከወንጂ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከንጉሡ ዘመን የቀረ የመስታወት ቤት አለው። የዚያ ቤት እመቤት ዶክተር ሸዋወርቅ ናቸው፤ ሀንጋሪ የተማሩ፣ የወንድ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ ቁጣቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሴት። ሰው ከቡቃያው አጠገብ ከቆመ፣ ሠራተኛ ይሁን ሹም፣ «ጥላህን አንሳልኝ!» ይሉታል። በዚያ ፀሐይ ናዝሬት ውስጥ ጥላ እንደ ስርቆት የሚቆጠርበት ግቢ ያ ብቻ ነበር።

«ነገሩ ያለው ገና ቡቃያው ላይ ነው፤» ይሉት ነበር ነገሪን። «ጨለማ ያሳደገው ቁመት እንጂ አቅም የለውም። መራራውን የሚያበስልለት ብርሃን ነው። ፈረንጅ አልካሎይድ ይለዋል። ብርሃን ያጣ አስተናግርና ድርቆሽ አንድ ናቸው።»

መራራው የሰው ነፍስ ነበር። ከታች በአዋሽ ዳር በጥጥ እርሻው ላይ የተባይ መርዝ የሚረጩ ሠራተኞች አሉ። መርዙ አንዳንዴ ከተባዩ ረጪውን ያስቀድማል። ማርከሻው ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ዶክተሯ ከአስተናግር ቅጠል ማርከሻውን ያወጡ ጀመር። ነገሪ በዓይኑ አይቷል። ቡዜ የሚባል ረጪ በጋሪ ተጭኖ መጣ፤ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ሰሊጥ ፍሬ ጠቦ። የግቢው ክሊኒክ ድሬሰር ዶክተሯ የሰጡትን ወጋው። ብሌኑ ቀስ እያለ ሰፋ። ቡዜ ተነፈሰ። የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ፎርማኑ መጥቷል እንዴ?» የሚል ነበር።

ከዚያ መፈክሩ መጣ።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የግቢው ካድሬ ጓድ ተክለሃይማኖት የመስታወት ቤቱን ግማሽ በቀይ ጨርቅ አሸፈነው። «ተፈጥሮ ለአብዮቱ ትገዛለች!» ይላል። ከሥሩ ያለው መደብ ጨለመ። ቡቃያው ገረጣ፣ ቀጠነ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ጨርቁ ጫፍ ያጋድል ጀመር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ዶክተሯ ካድሬው ዘንድ ሄዱ። ነገሪ ባልዲ ይዞ ከኋላቸው ነበር።

«ጓድ፣ በዓሉ አልፏል። ጨርቁን ያውርዱልኝ።»

«እንዲሰቀል መመሪያ መጥቷል። እንዲወርድ መመሪያ አልመጣም።»

«ቡቃያው ብርሃን አጣኮ!»

«ዶክተር፣ ከዚህ መፈክር የበለጠ ብርሃን ከየት ሊመጣ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ለመሳቅም መመሪያ አልመጣም።

ዶክተሯ ተሸንፈው ተመለሱ። ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ አዘጋጁ። ፀሐይ የጠገበው መደብ ቅጠል ደርቆ ተፈጨ፤ ጣሳው በነጭ ክር ታሰረ። ከመፈክሩ ሥር የበቀለው ደግሞ በቀይ ክር። ከተፈጨ በኋላ በመልክ አይለይም፤ መለያው ክሩ ነው።

«ነጩ በጥፍር ጫፍ ይበቃል፤» አሉት ነገሪን። «ቀዩን ግን ማንኪያ ሙሉ ብትሰጥ አፍ አድርቆ ራስ ከማዞር አያልፍም። የአብዮት ፍሬ ነው።»

ነገሪ በዚያ ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንጀራ ጣመው።

ዕቅዱ ወዲያው ተወለደ። ለዋንዛ ቀዩን ጣሳ ይሰጣል። ኢፍቱ ራሷ ይዞራል፣ ትንሽ ትቀባጥራለች፣ ምንም የላትም ይባላል፣ ትለቀቃለች። ጠንካራው ነጭ ጣሳ ለረጪዎቹ ይቀራል። መፈክሩ በዕድሜው አንድ ጊዜ ሰው ያድናል። ዕቅዱ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ ለማንም አልተነገረም።

ማክሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ ስለ ካፒታሊዝም መውደቅ ሊያንቀላፋ ወደ አዳራሽ ገባ። ነገሪ ሆዴን ብሎ ቀረ። ወደ መስታወት ቤቱ ገባ። መደርደሪያው ጋ ደረሰ። ቀዩን ክር አየ። ጣሳውን አነሳ።

ጥላ መደቡ ላይ ወደቀ።

«ሆራ!»

ጓድ ተክለሃይማኖት በሩ ላይ ቆሟል።

«ውይይት ላይ የለህም?»

«ውሃ ላጠጣ ብዬ ነው ጓድ።»

«በጣሳ?»

«ባልዲው ተቀዷል ጓድ።»

ካድሬው ጣሳውን አየ። ነገሪን አየ። ፊቱ በራ።

«ሠራተኛው መደብ ማለት ይኼ ነው! ባልዲ ተቀደደ ብሎ የማይቆም!» አለ። ከዚያ የመጣበትን አደረገ። በነፋስ የላላውን የመፈክሩን ገመድ ከውጭ ወጥሮ አሰረና ሄደ። መደቡ ይበልጥ ጨለመ።

በማግሥቱ ጠዋት በገበያው ዳር ከቆሙት ጋሪዎች በአንዱ ጅራፍ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሮ ነበር። የዋንዛ ምልክት ነው። ብሳና ዋንዛን አይጠራም፤ ዋንዛ ነው ብሳናን የሚጠራው። ነገሪ ጋሪው ላይ ወጣ። ካፖርቱ ውስጥ ዋንዛ ተቀምጧል። ፈረሱ መራመድ ጀመረ። ጣሳው ከጉያ ወደ ጉያ አለፈ።

«ጠንካራው ነው?»

«ጠንካራው ነው።»

«ስንት ይሰጣል?»

ነገሪ ይህን ጥያቄ አላሰበበትም ነበር። በጥፍር ጫፍ ካለ ከቀዩ ምንም አይመጣም። ምንም ካልመጣ ዋንዛ ይጠረጥራል። ትንሽ ራሷ መዞር አለበት። ትንሽ መቀባጠር አለባት።

«ማንኪያ ሙሉ፤» አለ።

«ማንኪያ ሙሉ፤» አለ ዋንዛ፣ ሐኪም እንዳዘዘው ሰው። «ዛሬ እንሞክረዋለን። ነገ መጥተህ ውሰዳት። በአሰላ መንገድ መውጫ ያለውን ግቢ ታውቀዋለህ።»

ነገሪ ወረደ። ለጋሪ ነጂው «ነጋቲ!» አለው፣ በሰላም እንደ ማለት። ልቡ ቀሎት ነበር።

ችግኝ ጣቢያው ሲደርስ ሌላ ጋሪ በር ላይ ቆሟል። ቡዜ ነው፣ እንደገና። ጓደኞቹ ወደ ክሊኒኩ ተሸክመውታል። ዶክተር ሸዋወርቅ በመስታወት ቤቱ ውስጥ መደርደሪያው ፊት ቆመዋል። ብቻቸውን ናቸው።

«ቀዩን ጣሳ አምጣ፤» አሉት።

«ነጩ እዚያው አለልዎት።»

«ነጩ ምንም አያደርግም።»

ነገሪ አልገባውም።

«ክሩን ቀይሬዋለሁ፤» አሉ ዶክተሯ። «ሰላይ መሆንህን ካወቅኩ ሰነበትኩ። ችግኝ የሚኮተኩት ሰው ፊቱን ለችግኙ ይሰጣል፤ አንተ ፊትህ ሁሌ ወደ በሩ ነው። ልትሰርቀኝ እንደመጣህ ገባኝ። ሰላይ የሚሰርቀው ጠንካራውን ነው ብዬ ነጩን ክር ደካማው ላይ አሰርኩት። ጠንካራውን በቀይ ሸሸግኩት።» ባዶውን የመደርደሪያ ቦታ ነኩ። «ሰላይ ደካማውን ይሰርቃል ብዬ በምን ልገምት?»

አሁን ገባው።

«እኅቴ ናት፤» አለ። «የሚሞክሩት በእኅቴ ላይ ነው። ደካማው ይሻላታል ብዬ...»

«ስንት ስጡ አልካቸው?»

ነገሪ ወደ በሩ ዞረ።

«አንተ ሰው! ስንት?»

«ማንኪያ።»

ዶክተሯ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነገሪ ያለ ባርኔጣ አይቷቸው አያውቅም። ፀጉራቸው ሽበት ብቻ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎስ?»

 ሰው ሰውን የማያምንበት ዘመን ነበርና ደግነትም እንደ ወንጀል ተደብቆ ነበር የሚሠራው። ሁለት ደግነት ጨለማ ውስጥ ሲጋጭ ደግሞ የሚሰበረው ሌላ ሰው ነው።

ነገሪ ሮጠ።

በአሰላ መንገድ መውጫ ያለው ግቢ ሰሌዳ የለውም። አጥሩ ላይ ቀይ አበባ ተንዠርግጓል። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ መሣሪያውን አቅፎ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ዋንዛን ጥራልኝ!»

«ምን?»

«ዋንዛ የሚባል ሰው አለ። እዚህ ነው ያለው። ቶሎ በል!»

«ዋንዛ ከፈለግህ ወደ ጫካ ሂድ።»

«የመስሪያ ቤቱ ሰው ነኝ። ብሳና ነኝ!»

ዘበኛው ሸንኮራውን ከአፉ አወጣ። ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ጭቃ የነካው ሱሪ፣ የተበጣጠሰ ሸሚዝ።

«ብሳና ነህ?»

«ብሳና ነኝ!»

«ጎሽ። እኔ ደግሞ ዝግባ ነኝ። አሁን ዞር በል፣ ጥላችን ሥር ሳናስተኛህ።»

መታወቂያው ሆራ ይላል። ሆራ የቀን ሠራተኛ ነው፣ የቀን ሠራተኛ እዚህ በር ላይ ጉዳይ የለውም። ብሳና ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃ የሌለው እንዲሆን ነው የተፈጠረው። ነገሪ የሚባለውን ስም ደግሞ ራሱ ነው ያስፋቀው። ሦስት ስም ይዞ አንድ በር ማስከፈት አቃተው።

በሩን በቡጢ መታ። ዘበኛው በሰደፍ መታው።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሴት ትናገራለች።

ጆሮውን ሰጠ። እየተናገረች ነው። አታቆምም። ድምፁን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ሁሩታ ላይ ከገብስ ማሳው ማዶ ሲጠራው የኖረ ድምፅ ነው።

አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

ዋንዛ የወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ካፖርቱን በክንዱ ይዞታል። ነገሪን ከአጥሩ ሥር ሲያይ አልተቆጣም። እንዲያውም አጠገቡ ተቀመጠ።

«ግሩም ነገር ነው ያመጣኸው፤» አለ።

«ምን አለች?»

«ምን ያላለችው አለ? ስም ጠየቅናት፣ ስም ዘረገፈችው። የሞቱ ሰዎች። የላሞች ስም። የተማሪዎቿን በፊደል ተራ። የምንፈልገው ስም ከመካከሉ ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ። ነገሪ የሚባልም ደጋግማ ትጠራለች።» ሲጋራ ለኮሰ። «እኛ ዘንድ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም። ነው ወይስ አለ?»

ነገሪ ዋንዛን አየው። ዋንዛ ሲጋራውን ነበር የሚያየው።

«የለም፤» አለ ነገሪ።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። እንግዲህ ነገ ትወስዳታለህ። ቃሌን አላጥፍም። ዶክተሯን ግን ለሌላ ሥራ ወደ አዲስ አበባ እንወስዳታለን። ጠንካራውን የምታበቅልልን ሰው ያስፈልገናል።»

ቡዜ ያንን ምሽት አላለፈም። ከመፈክሩ ሥር የበቀለው ቅጠል ጣሳ ሙሉው ተሟጦ ብሌኑን ከሰሊጥ ፍሬ አላሳለፈውም አሉ። ጓደኞቹ በዚያው በመጣበት ጋሪ መለሱት።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ።

ኢፍቱ በራሷ እግር ወጣች። ቀጥናለች፤ እሱን ነገሪ ጠብቆት ነበር። ያልጠበቀው ዓይኗን ነው። ብሌኗ ሰፍቶ፣ ዓይኗን ሞልቶ፣ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ፀሐይዋ ስታገኛት ጮኸች፤ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«አጥፉልኝ! ማነው ያበራው? አጥፉልኝ!»

ነገሪ ወደ ጋሪው ደግፎ አወጣት። ከፊቷ ዞሮ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ጥላው ፊቷ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ ቆመ። ጋሪው ሲንገጫገጭ በአንድ እጁ ብረቱን ይዟል። እጇን ከዓይኗ ቀስ ብላ አወረደች። ቀና ብላ አየችው። ትንሽ ሳለች «ነገሪ ኮ» ነበር የምትለው፣ የእኔ ነገሪ ማለቷ ነው። አሁን እንደ ሠለጠነች አስተማሪ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣችው።

«እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ማነዎት?»

ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ አየ። ነገሪ አፉን ከፈተ። አንደኛው ስም መጣ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው አልመጣ አለ።

«መንገደኛ ነኝ፤» አለ።

«ወንድም አለኝ፤» አለች ኢፍቱ። «ይመጣል። ደግ ነው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ጥላዎን አያንሱብኝ።»

አላነሳም። ጋሪው አውቶቡስ ተራ እስኪደርስ እንደ ቆመ ሄደ።

ሁሩታ ላይ ለአክስቱ ለአረጋሽ አስረከባት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው አስተኟት። አክስቱ እራት ብላ አሉት፤ ቆሞ ጎረሰና ወጣ። መልሶ ያየው የለም።

ያ መፈክር ግን ሳይወርድ በጋው አለፈ። ቀዩ በናዝሬት ፀሐይ ፈዘዘ፣ ሮዝ ሆነ፣ ነጣ። ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር። ከሥሩ ያለው ቡቃያ መመሪያ ሳይጠብቅ ቀና ብሎ ለመለመ። ያኔ የሚያደርቀውም የሚፈጨውም ሰው አልነበረም።

አርሲ ነገሌ እህል ገበያ በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ሚዛን ያዥ መጣ። ዝምተኛ ነው። ስሙን ማንም በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ሰነዱ ላይ ግራር ተብሎ እንደ ተጻፈ የሚያውቀው አንድ ባለ ካፖርት ብቻ ነው። ገበያተኛው የሚያውቅለት አንድ ነገር አለ። ሸክም ያደከማት ሴት ፀሐይ ላይ አረፍ ስትል፣ ምንም ሳይናገር መጥቶ በፀሐይዋ በኩል ይቆማል። እስክትነሳ ድረስ።

ከዚያ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል፤ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ።